ሶፋ ቤቱ ሲዘጋ የሰባት ዓመት ድካሜ ምን ይሆናል?

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ያለ ሶፋ ቤት ውስጥ ነው። የሶፋ ልብስ እሰፋለሁ። ከገባሁ ሰባት ዓመት ሞልቶኛል። በቀን 300 ብር ታስቦ ቅዳሜ ቅዳሜ ይከፈለኛል፤ በፊት በእጅ ነበር፣ አሁን በቴሌብር። የፈረምኩት ውል የለም። ባለቤቱ ኪራይ ከበደኝ ብሎ በወሩ መጨረሻ ሊዘጋው ነው። የስንብት ክፍያ ስንጠይቀው «እኛ እኮ አምስት ሰው ነን፣ ያ ሕግ ለፋብሪካ ነው» አለን። ለእኔ አንድ አሮጌ የስፌት መኪና ሊሰጠኝና ወረቀት ሊያስፈርመኝ ይፈልጋል። ወንድሙ ቤቱን ተረክቦ ይቀጥላል የሚል ወሬም አለ። ደግሞ በቀን 180 ብር የሚያገኝ ረዳት ልጅ አብሮን ይሠራል፤ ከገባ ስምንት ወሩ ነው። እሱስ የሚያገኘው ነገር አለ?

ሰፊዋ፣ ከቱሉ ዲምቱ

መልስ፦

እህቴ፣ ወረቀቱን አትፈርሚ። ቢያንስ ምን እንደሚል ሳታነቢና ለሚያውቅ ሰው ሳታሳዪ አትፈርሚ።

«ለፋብሪካ ነው» የሚለው ነገር ስህተት ነው። ይህን አባባል በየጊዜው እሰማዋለሁ፣ በሰማሁት ቁጥርም ያናድደኛል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለስንብት ክፍያ የሠራተኛ ብዛት አይጠይቅም። አምስት ሰውም ሆነ አንድ ሰው ያው ነው። ውል አለመፈረምሽም መብትሽን አያስቀርም። የቴሌብር መልእክቶችሽን አታጥፊ። ባለቤቱ ሒሳብ የሚይዝበት ደብተር ካለ ስምሽ ያለበትን ገጽ በስልክሽ አንሺው። የሥራ ባልደረቦችሽም ምስክር ይሆናሉ።

ወደ ሒሳቡ እንሂድ። ድርጅት ለዘለቄታው ሲዘጋ በአንቀጽ 40 የሚታሰበው እንዲህ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት የቀን ደመወዝሽ በ30 ይባዛል፤ 9,000 ብር ነው። ከዚያ በኋላ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት የዚህ አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም 3,000 ይጨመራል። ለስድስቱ ዓመታት 18,000 ይመጣል። እዚህ ላይ 27,000 ደረስን። ሥራው የቆመው ቤቱ ስለተዘጋ ስለሆነ ደግሞ የ60 ቀን ደመወዝ ይታከላል፤ 18,000 ብር። ድምሩ 45,000 ብር ነው። ያልወሰድሽው የዓመት ዕረፍትና ያልተከፈለ ደመወዝ ካለ ከዚህ ውጭ ነው።

ሁለት ነገር ልብ በይ። የቀን ደመወዝሽ የሚወሰደው ከመጨረሻው ሳምንት አማካይ ነው። ስለዚህ በመጨረሻው ሳምንት «ገበያ የለም» ተብሎ ቀን ክፍያሽ ቢቀነስ ዝም አትበይ፤ ሒሳቡን በሙሉ ይዞት ይወርዳል። ሁለተኛው ያ ወረቀት ነው። «በራሴ ፈቃድ ለቅቄያለሁ» የሚል ከሆነ፣ ከአምስት ዓመት በላይ ስላገለገልሽ 27,000ውን አታጪም፣ የ60 ቀኑን ግን ታጪያለሽ። በአንድ ፊርማ 18,000 ብር ማጣት ማለት ነው። የምትቀበይው ደብዳቤ ሥራው የቆመው ድርጅቱ ስለተዘጋ መሆኑን ይግለጽ። የሥራ ልምድ ማስረጃም አብረሽ ጠይቂ።

መኪናዋን ከፈለግሻት ውሰጃት፣ ክፋት የለውም። ግን ዋጋዋ በጽሑፍ ይቀመጥ፣ ከሚገባሽ ላይ ተቀንሶም ቀሪው ይከፈልሽ።

የወንድሙ ወሬ እውነት ከሆነ ነገሩ ይለወጣል። ድርጅት ከአንድ ሰው ወደ ሌላ ሰው ቢተላለፍ የሥራ ውል አይቋረጥም፤ አንቀጽ 23 ይህን ይላል። ሶፋ ቤቱ በዚያው መኪና፣ በዚያው ሥራ ከቀጠለ ሰባት ዓመትሽም አብሮሽ ይቀጥላል። «እንደ አዲስ ትቀጠሪያለሽ» ቢልሽ እሺ አትበይ። እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን መጀመሪያ ይህን ነው የማጣራው። ባለቤቱን በግልጽ ጠይቂው፣ ሰው ባለበት።

ሥራው ከቆመ በኋላ ክፍያው በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም አለበት። በመጠኑ ባትስማሙ እንኳ ያመነውን ያህል ይክፈል። ካዘገየው ፍርድ ቤት እስከ ሦስት ወር ደመወዝሽ ድረስ ተጨማሪ ሊወስንበት ይችላል። «ኪራይም ዕዳ አለብኝ» ቢልሽ የሠራተኛ ክፍያ ከሌላ ዕዳ ይቀድማል። ካልሆነ በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ክስ ትመሠርቻለሽ። ሠራተኛ ለዚህ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም። ጊዜው ግን አጭር ነው፤ ሥራው ከተቋረጠ በ6 ወር ውስጥ ካልከሰስሽ መብቱ ይቀራል። በሽምግልና እያለ ቀን ከገፋብሽ ሽማግሌዎቹን አክብሪ፣ ክሱንም አስገቢ።

ረዳቱም ልጅ የሚያገኘው አለ። የሙከራ ጊዜ ቢበዛ 60 የሥራ ቀን ነው፣ እሱ ደግሞ ስምንት ወር ሠርቷል። ዓመት ስላልሞላው በሠራው ልክ ይታሰብለታል፤ ከ5,400 ብር ላይ የስምንት ወሩ 3,600 ነው። የ60 ቀኑ ግን አይሸራረፍም፣ 10,800 ብር ነው። በጠቅላላው 14,400 ብር ይደርሰዋል። በራሱ ስም ይጠይቅ፤ የ6 ወሩ ገደብ በእሱም ላይ ይቆጠራል።