ሎጎው ጥርት ብሎ ጥላው ለምን ይበላሻል?

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ አምዳችሁን ሁሌ ነው የማነበው። ኢሉስትሬተር በሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም ላይ አንድ ሎጎ ሰርቼ ፊደሎቹ ላይ ድሮፕ ሻዶው (ጥላ) ጨመርኩበት፣ ስክሪን ላይ ሳየው ምንም አይልም ነበር። ደንበኛው ለባነር ሲያስተልቀው ግን ፊደሎቹ እንደ ምላጭ ጥርት ብለው ጥላው ብቻ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን ሆኖ ቁጭ አለ። ቬክተር የፈለገ ቢለጠጥ አይበላሽም አይደል እንዴ የተባልነው? ሰውዬው «ቬክተር ነው ብለህ ፎቶ ሸጥክልኝ» እያለኝ ነው፣ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ፣ ልናገረው አልፈልግም እንጂ ሰውዬው ግማሽ እውነት አለው። ፊደሎችህ ቬክተር ናቸው፣ ጥላው ግን ከመጀመሪያውም ቬክተር ሆኖ አያውቅም። ቬክተር መስመርና ኩርባ ነው፣ ቀስ እያለ የሚደበዝዝ ጠርዝ ደግሞ በመስመር አይያዝም፣ ስለዚህ ኢሉስትሬተር ድሮፕ ሻዶው ወይ አውተር ግሎው (የዙሪያ ብርሃን) ወይ ፌዘር (የጠርዝ ማደብዘዣ) ስትለው ከጀርባ ትንሽዬ ፎቶ ሰርቶ ከቅርጹ ስር ይሸጉጥልሃል ማለት ነው። የዛ ፎቶ ጥራት የሚወሰነው ብዙ ሰው ከፍቶት በማያውቀው ቦታ ነው፣ ኢፌክት ሜኑ ውስጥ «ዶክመንት ራስተር ኢፌክትስ ሴቲንግስ» የሚል አለልህ። አዲስ ፋይል ስትከፍት ዌብ ብለህ ከጀመርክ 72 ፒፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያለ የፒክስል ብዛት) ላይ ታገኘዋለህ፣ ፕሪንት ብለህ ከጀመርክ 300። ያንተ 72 ላይ እንደነበር እወራረዳለሁ።

እስቲ በቁጥር እንየው። 5 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው ሎጎ በ72 ሲሰላ ጥላው ወደ 142 ፒክስል ብቻ ነው ያለው። እሱን እንደ አዲስ ሳይሰላ እንዳለ 1 ሜትር ላይ ስትወጥረው አንዷ ፒክስል 7 ሚሊሜትር ትሆናለች፣ የእርሳስ ውፍረት በላት። አራት ማዕዘኑ ታዲያ እንዴት አይታይ!

ማስተካከያው ቀላል ነው፣ ግን መጀመሪያ ጥላው በህይወት አለ ወይ የሚለውን እይ። ቅርጹን መርጠህ አፒራንስ ፓነልን (ቅርጹ ላይ ያሉትን ኢፌክቶች የሚዘረዝረውን መስኮት) ክፈት፣ ድሮፕ ሻዶው የሚለው ስም እዛ ካለ ኢፌክቱ አልሞተም፣ ቅድም ባልኩህ ሴቲንግ ውስጥ ሬዞሉሽኑን 300 አድርገህ ባክግራውንዱን ትራንስፓረንት ላይ ስታደርገው ጥላውን እንደ አዲስ ይሰራዋል፣ ስታሳድገውም በዚሁ 300 መልሶ ያሰላዋል። ዋይት ላይ ከተውከው ባለ ቀለም መደብ ላይ ስታስቀምጠው ዙሪያውን ነጭ ሳጥን ሊያወጣብህ ስለሚችል እሱንም አትርሳ። ስሙ አፒራንስ ውስጥ ከሌለና ሊንክስ ፓነል ላይ ምስል ተቀምጦ ካየህ ግን ኤክስፓንድ ወይም ፍላተን ተደርጓል (ኢፌክቱ ተራ ምስል ሆኗል) ማለት ነው፣ ያ ፎቶ በድሮው ጥራቱ ደርቋል፣ ሴቲንጉን የፈለግከውን ያህል ብትጨምርለት አይሰማህም። እኔ ራሴ በደረቀ ፋይል ላይ ቁጥር እየቀያየርኩ ግማሽ ቀን ተጃጅዬ አውቃለሁ። እዚህ ጋ ያለው መፍትሄ ደረቁን ምስል ሰርዞ ኢፌክቱን እንደገና መጨመር ነው፣ ኤክስፓንድ ያልተደረገ ኮፒ ካለህማ ተገላገልክ።

ስታሳድገው ደግሞ ፕሪፈረንስ ውስጥ «ስኬል ስትሮክስ ኤንድ ኢፌክትስ» መመረጡን እይ፣ ካልተመረጠ ሎጎው 20 እጥፍ ሲያድግ ጥላው በነበረበት 2 ሚሊሜትር ይቀርና የጠፋ ይመስልሃል።

ከዛ ፒዲኤፍ። ፒዲኤፍ ላይ ሴቭ ሳደርገው ቬክተር ይሆንልኛል የሚሉ ሰዎች አሉ፣ አይሆንም፣ ፒዲኤፍ በራሱ ብለር (ማደብዘዝ) የሚባል ነገር ስለሌለው ጥላው ምስል ሆኖ ነው የሚገባው። ጭራሽ «ስሞለስት ፋይል ሳይዝ» የሚለውን ከመረጥክ ያንን የደከምክበትን 300 መልሶ ያወርደዋል፣ ስለዚህ ኮምፕረሽን ውስጥ ገብተህ ዳውንሳምፕል እንዳያደርግ (ፒክስል እንዳይቀንስ) አድርገው። 300 ከ72 ጋር ሲነጻጸር ፒክስሉ 17 እጥፍ ስለሚሆን ኮምፒውተርህ ቢንቀራፈፍ አይግረምህ፣ ስትሰራ 72 ላይ ሆነህ ልታስረክብ ስትል ብትጨምረው ይሻላል። ባነር ከሩቅ ስለሚታይ በትክክለኛው መጠኑ 100 ወይ 150 ከበቂ በላይ ነው።

ፎቶ የሚባል ነገር ጭራሽ አልፈልግም ካልክ ብሌንድ አለ፣ በሁለት ቅርጾች መካከል መሸጋገሪያ ቅርጾችን የሚሰራልህ ማለት ነው። የቅርጹን ሁለት ኮፒ ውሰድ፣ ከስር ያለውን ሰፋ አድርገህ ኦፓሲቲውን (ድፍንነቱን) 0፣ ከላይ ያለውን ጠበብ አድርገህ ጥቁር በ5 ፐርሰንት፣ ከዛ በ40 ስቴፕ ብሌንድ አድርጋቸው። 5 ምን ትሰራለች እንዳትል፣ 40ው ሲደራረብ ይጠቁራል። ክብና ሳጥን ላይ ሲበዛ ያምራል፣ ፊደል ላይ ግን ጠመዝማዛ ያወጣና ያበሳጫል፣ ስቴፑ ካነሰ ደግሞ መስመር መስመሩ ይታያል። ከዚህ ሁሉ ጣጣ የእኔ ምርጫ ዋናውን ሎጎ ያለ ጥላ ማስረከብ ነው። ማህተም ላይ፣ ጥልፍ ላይ፣ ባለ አንድ ቀለም ህትመት ላይ ሎጎው መግባቱ አይቀርም፣ ያኔ ጥላውን ምን ልታደርገው ነው? ጥላ ያለውን ለብቻው ሁለተኛ ፋይል አድርገህ ስጠው፣ ሰውዬውም ዝም ይላል።

ጥያቄ (ከሌላ አንባቢ)፦ እኔ ኢንክስኬፕ የሚባለውን ሌላ የቬክተር ፕሮግራም ነው የምጠቀመው፣ የጥላው ነገር ያው ነው?

መልስ፦ ኤስቪጂ (የቬክተር ፋይል ዓይነት) ሆኖ ብራውዘር ላይ ሲከፈት ብለሩ በየመጠኑ እንደ አዲስ ስለሚሰላ ችግር የለብሽም። ፒዲኤፍ ስታደርጊው ግን እሱም ወደ ምስል ይቀይረዋል፣ ሴቭ ስትይ በሚመጣው መስኮት ላይ የራስተራይዝ ሬዞሉሽኑ 96 ብሎ ይጠብቅሻል፣ 300 አድርጊው።