ኳርቴት እንጀራ ይሆናል ወይ?

በዚህ ወር ከሰሜን ሸዋ ሦስት ደብዳቤ መጣልኝ፤ ሦስቱም ስለ ክላሲካል ሙዚቃ። ተማክረው ይሁን አጋጣሚ እንጃ። ረጅሙን አስቀድሜያለሁ። መልሱ ውስጥ ያሉት ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። ከደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው የምጽፈው። አራት ጓደኛሞች ነን፤ ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ (ከቫዮሊን ከፍ ያለ፣ ድምፁ የወፈረ)፣ አንድ ቼሎ (ትልቁ፣ ቁጭ ተብሎ የሚጫወቱት)። ሦስታችን አዲስ አበባ ተምረናል፣ ቼሎ የሚጫወተው ግን አብዛኛውን ከዩቲዩብ የለቀመው ነው። አብረን ከሠራን ሦስት ዓመት ሆነን። ሠርግም ምርቃትም እንጫወታለን። ታኅሣሥ ላይ የራሳችንን ኮንሰርት ብናዘጋጅ የመጣው አርባ ሰው ነው፣ እሱም ግማሹ ዘመድ። አዳራሹ ሰፊ፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ጣታችን ደንዝዟል፣ ጭራሽ የኦስትሪያዊውን የሙዚቃ ደራሲ የሃይድንን ሥራ እየተጫወትን መሃል ላይ የቪዮላ ተጫዋቿ ክር ለቀቀባት። ከዚያ ወዲህ እኔና ቼሊስቱ ተኮራርፈናል። «ያፈጠንከው አንተ ነህ» «የለም አንተ ነህ» ነው ነገሩ። እናቴ ደግሞ «ልጄ፣ ይሄ ነገር እንጀራ ይሆናል?» ትለኛለች። ይሆናል እንዴ?

መልስ፦ የእናትህን ጥያቄ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ኩርፊያው። ሦስት ዓመት አብሮ የለፋ ቡድን በቴምፖ፣ በፍጥነት ማለት ነው፣ ተጣልቶ ሲበተን ያናድዳል።

ኦርኬስትራ መሪ አለው። እጁን አንስቶ «እዚህ ጋ ፍጠኑ» ይላል፣ አለቀ። ኳርቴት፣ እንደ እናንተ ያለው የአራት ሰው ቡድን፣ አለቃ የለውም። አንደኛው ቫዮሊን ትንፋሹን ሳብ ያደርግና አራቱም አብረው ይገባሉ፤ ሌላ ምልክት የለም። ስለዚህ ክርክር በየልምምዱ ይኖራል፣ ስመ ጥሮቹም ይከራከራሉ፤ ግን መላ ያበጁለታል። የአሜሪካው ኤመርሰን ኳርቴት ከ1976 እስከ 2023 ሲጫወት ሁለቱ ቫዮሊኒስቶች የአንደኛውን ወንበር ይቀያየሩ ነበር። ዛሬ የመራ ነገ ይከተላል። የለንደኑ አማዴየስ ኳርቴት ሰዎች ታሪክ ደግሞ ለብቻው ይገርመኛል። ሦስቱ ከናዚ ሸሽተው ከኦስትሪያ እንግሊዝ የገቡ ልጆች ናቸው፣ እንግሊዝም «የጠላት አገር ሰው» ብላ ካምፕ ውስጥ አሰረቻቸው፣ ትውውቃቸው የተጀመረውም በዚያ እስር ነው። ቼሊስቱ ማርቲን ሎቬት ተጨመረና 1948 ላይ በስማቸው የመጀመሪያ ኮንሰርታቸውን አቀረቡ። ከዚያ ወደ አርባ ዓመት ያህል አንድም ሰው ሳይቀየር ዘለቁ። 1987 ላይ ቪዮላ ተጫዋቹ ፒተር ሺድሎፍ ሲሞት የቀሩት ሦስቱ ሌላ ሰው አልተኩበትም። እዚያው ላይ አቆሙ።

እናንተ ግን ገና ሦስት ዓመታችሁ ነው። ስልክ አስቀምጡና ልምምዳችሁን ቅረጹ፣ ማን እንዳፈጠነ ቅጂው ይናገራል። (ብወራረድ ሁለታችሁም ናችሁ። የበረደው ሰው ይቸኩላል።) የተጣላችሁበትን ቦታ አንዴ ባንተ ፍጥነት፣ አንዴ በሱ ተጫወቱትና ሌሎቹ ሁለቱ ይፍረዱ።

የክሩ ነገር የልጅቷ ጥፋት አይደለም። መቃኛው እንጨት ነው። ደረቅና ቀዝቃዛ አየር ሲያገኘው ይኮማተርና ቀዳዳው ውስጥ ይላላል፣ ክሩም ይረግባል። የታኅሣሥን ውርጭ ለደብረ ብርሃን ሰው አላስተምርም። ከመጫወታችሁ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ግቡ፣ መሣሪያው ከነሳጥኑ ክፍሉን ይልመድ። ከሰል አጠገብ ግን እንዳታስጠጉት፣ ማጣበቂያው ይለቃል፣ እንጨቱም ሊሰነጠቅ ይችላል።

አሁን ወደ እናትህ። እውነቱን ንገረኝ ካልክ ኮንሰርት ብቻውን እንጀራ አይሆንም። ፈረንጅ አገርም ቢሆን ብዙዎቹ የሚኖሩት እያስተማሩ ነው፤ ያ ሁሉ ዝና የነበረው ኤመርሰን ራሱ ስቶኒ ብሩክ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። ስለዚህ ተማሪ ያዙ። ሠርጉንም አትናቁት፣ የቤት ኪራይ የሚከፍለው እሱ ነው።

አርባ ሰው ብቻ መጣ ያልከው ግን አላሳዘነኝም። ፈረንጆቹ ይሄን ሙዚቃ የክፍል ሙዚቃ ነው የሚሉት፣ በኛ አባባል የእልፍኝ ማለት ነው። ሃይድን በ1750ዎቹ የመጀመሪያዎቹን ኳርቴቶች (ለአራት ተጫዋች የሚጻፈው ድርሰትም ኳርቴት ይባላል) ሲጽፍ አንድ ባሮን ገጠር ቤቱ ጠርቶት ነው። እዚያ የተገኙት ተጫዋቾች የባሮኑ ቄስ፣ የርስቱ አስተዳዳሪ፣ ራሱ ሃይድን እና አንድ ቼሎ የሚችል ሰው ነበሩ። አራት ሰው ስለተገኘ ለአራት ተጻፈ፣ በቃ። ሃይድን በዚያው ቀጥሎ 68 ኳርቴት ጻፈ። እናንተ አርባ ሰው ይዛችሁ ለአራት መቶ የተሠራ አዳራሽ ገባችሁ፤ ሙዚቃውም ሰውም እዚያ ውስጥ ጠፋ። ሠላሳ ወንበር የሚይዝ ክፍል ፈልጉ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳትወርድ አድርጉት። ወንበሩን ክብ አድርጋችሁ ደርድሩ፣ ሰው የደጋናችሁን ፀጉር ክሩ ላይ ሲፋቅ እስኪሰማ ድረስ ቅረቡት።

ደግሞ ሃይድን ብቻ አትጫወቱ። ክሮኖስ ኳርቴት የሚባሉት አሜሪካውያን 2009 ባወጡት አልበም «ተው ስማኝ ሀገሬ»ን ተጫውተዋል፣ የበገናውን! ሳን ፍራንሲስኮ ተቀምጠው እነሱ ከሞከሩት ጠባሴ ያለ ሰው ምን ያግደዋል? የቫዮሊን ክር እኮ ብረትና ናይለን ሳይመጣ በፊት እንደ በገና ክር ከበግ አንጀት ነበር የሚሠራው። በግ ደግሞ እናንተ ጋ ሞልቷል።

ጥያቄ፦ መሐል ሜዳ አስተማሪ ነኝ። አዲስ አበባ እህቴ ዘንድ ሄጄ የኳርቴት ኮንሰርት ወሰደችኝ። አንዱ ሲያልቅ ደስ ብሎኝ አጨበጨብኩ። ማንም አላጨበጨበም። አጠገቤ ያሉት ሴትዮ ዞረው ገላመጡኝ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው?

መልስ፦ የለም መምህርት፣ ምንም አላጠፉም። አንድ ኳርቴት አብዛኛውን ጊዜ አራት ክፍል አለው፣ የዛሬው ልማድ አራቱ እስኪያልቁ ዝም ማለት ነው። ልማዱ ግን ኋላ የመጣ ነው። የሙዚቃ ደራሲው ሞዛርት 1778 ከፓሪስ ለአባቱ ሲጽፍ ሕዝቡ ለኦርኬስትራ የጻፈው ሲምፎኒ ገና ሳያልቅ እንዳጨበጨበ ነግሮታል፤ ያውም እየተደሰተ። ሃይድን ደግሞ 1781 ላይ «ቀልድ» የሚባለውን ኳርቴት ሲጽፍ መጨረሻው ላይ ሆን ብሎ ወጥመድ አስቀመጠ። ዜማው እየተቆራረጠ ይቆማል፣ ዝም ይላል። አለቀ ብለው ሲያጨበጭቡ ይቀጥላል። እንደገና ረጅም ዝምታ፣ ከዚያ የመጀመሪያዋ ሐረግ በቀስታ ልክ እንደሚጀመር ሰው ትመጣና ውልብ ብላ ትቀራለች። እሷ ናት መጨረሻው። ያንን ሲጫወቱ ሴትዮዋን አጠገብዎ ቢያስቀምጧቸው ደስ ይለኛል። ለሌላው ጊዜ ግን ተጫዋቾቹን ይዩ፤ አራቱም ደጋናቸውን አውርደው ከተነሡ ያጨብጭቡ።

ጥያቄ፦ ደብረ ሲና ነኝ፣ ማሲንቆ እጫወታለሁ። ቫዮሊን ብጀምር ይቀለኛል?

መልስ፦ ቀኝ እጅህ ይቀለዋል፣ ደጋን መሳብ ታውቃለህ፣ ፀጉሩን ሙጫ ማስነካቱም ያው ነው። ግራ እጅህ ግን ይቸገራል። ማሲንቆ ላይ ጣትህ አየር ላይ ያለውን ክር ነው የሚነካው፣ ቫዮሊን ላይ እንጨቱ ድረስ ትጫነዋለህ። አገጭ ሥር መወተፉም አይመችህም። ለማሲንቆ የሚቀርበው ቼሎ ነው፤ ቁጭ ብለህ፣ ቀጥ አድርገህ ይዘህ፣ ከፊትህ ትስበዋለህ። ጠባሴ አንድ ቼሎ አለ። ባለቤቱ ከኩርፊያው ሲመለስ ጠይቀው።