መልስ፦ አንድ ድምፅ አልባ ኮሜዲ ለምን ይህን ያህል ይፈለጋል?

ሰላም ወንድሜ። ሰብሳቢዎች ድምፅ በሌለው አሮጌ ኮሜዲ ለምን እንዲህ ይጓጓሉ ብለህ ጠይቀሃል። የኮሜዲ ጥንዶቹን የሎሬልና ሃርዲን «ዘ ባትል ኦፍ ዘ ሴንቸሪ» ልንገርህ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የ1927 ፊልም ነው፤ ርዝመቱ ሁለት ጥቅል (የተጠቀለለ የፊልም ሪል) ብቻ። በሁለተኛው ጥቅል መንገድ ሙሉ ሰው በክሬም ፓይ (ክሬም በሞላው ኬክ መሰል ጣፋጭ) ይወራወራል። 3,000 ያህል ፓይ እንዳለቀ ይነገራል። እኔን የሚያስቀኝ ግን ብዛቱ አይደለም። የተመታው ሰው መጀመሪያ ረጋ ብሎ ፊቱን ይጠርጋል፣ ያስባል፣ ከዚያ ነው የሚወረውረው። እንዴት ያለ ትዕግሥት ነው!

ለአሥርት ዓመታት ከዚያ ፍልሚያ የሚታየው በ1957 በወጣ የቅንጭብ ፊልም ውስጥ የገባው ብቻ ነበር። ሁለተኛው ጥቅል በ2015 ተገኘ፤ ያውም ከአንድ ሰብሳቢ ክምችት፣ በ16 ሚሊሜትር ቅጂ። በድምፅ አልባው ዘመን ዋና ቅጂዎች የተሠሩበት ናይትሬት የተባለው የፊልም ቁስ ይበሰብሳል፣ በቀላሉም ይቀጣጠላል። ስለዚህ በሰው ጓዳ የተረፈ ቅጂ አንዳንዴ በዓለም ላይ ብቸኛው ይሆናል። ጉጉቱ ከዚህ ይመጣል።

የሎሬልና ሃርዲ ሌላው የ1927 ፊልም «ሃትስ ኦፍ» እስካሁን የት እንዳለ አልታወቀም። አንተም ምንነቱ ያልታወቀ ጥቅል እጅህ ከገባ፣ እባክህ ፕሮጀክተር ላይ አትጫነው። መጀመሪያ ለፊልም ቤተ መዛግብት ባለሙያ አሳይ።