የባንዱ ሙዚቃ እየተሰማ የዘፋኟ ድምፅ ለምን ይጠፋል?

ጥያቄው የደረሰኝ ኮምቦልቻ ውስጥ አነስተኛ ካፌ ካላቸው አንባቢ ነው። ኤላ ፊትዝጀራልድ ከካውንት ቤዚ ኦርኬስትራ ጋር እ.ኤ.አ. በ1963 የሠራችውን፣ ኩዊንሲ ጆንስ ያቀናበረውን የታወቁ የጃዝ ዜማዎች አልበም በስልካቸው ጭነው በአምፕሊፋየርና በሁለት ስፒከሮች ለደንበኞቻቸው ያሰማሉ። ትራምፔቱ፣ ትሮምቦኑና ሳክስፎኑ ይሰማሉ፤ የዘፋኟ ድምፅ ግን ጠፍቶ የገደል ማሚቶው ብቻ ቀርቷል፤ ቤዙም ሳስቷል። ያው አልበም በጆሮ ማዳመጫ ሲደመጥ እንከን የለውም። አንደኛውን ስፒከር ሲነቅሉት ሌላውም አብሮ ዝም ይላል፤ ከበሩ በላይ ያለው የመጋረጃ ዘንግ ሲነካ ደግሞ ዘፋኟ ለአፍታ ትመለሳለች። በስልኩ ውስጥ ያለ አንድ አሮጌ የአምባሰል ዜማ ከነጭራሹ አይሰማም ማለት ይቻላል። ቀደም ሲል መስመሩን የዘረጋላቸው ሠራተኛ ስፒከሮቹ አርጅተዋልና አዲስ ይግዙ ብሏቸዋል።

ስፒከር እንዳይገዙ። ከነገሩኝ ምልክቶች ሁሉ አንዱ ስፒከር ሲነቀል ሌላው ዝም ማለቱ ብቻውን ይበቃኛል። መስመሩ በትክክል የተዘረጋ ቢሆን ኖሮ አንዱ ቢነቀልም ሌላው ሥራውን በቀጠለ ነበር። ጥርጣሬዬ ይህ ነው፦ መስመሩን የዘረጋው ሰው ገመድ ለመቆጠብ አራት ሽቦ መሳብ ሲገባው ሦስት ብቻ ስቧል፤ የሁለቱን ስፒከሮች ነጌቲቭ በአንድ የጋራ ሽቦ አጣምሮ ወደ አምፕሊፋየሩ መልሷል፤ ያ የጋራ ሽቦ ደግሞ ከመጋረጃው ዘንግ አጠገብ፣ በናስትሮ በተጠቀለለው መጋጠሚያ ላይ ለቋል። ችግሩ የስልኩ ጃክ ቢሆን ኖሮ እምምም የሚል ድምፅ ሊኖር ይችል ነበር፤ ስፒከር መንቀልም ሌላውን ዝም አያሰኘውም ነበር።

ማንኛውንም ሽቦ ከመንካትዎ በፊት የአምፕሊፋየሩን ሶኬት ከግድግዳው ይንቀሉ። ማጥፊያውን መዝጋት አይበቃም፤ መብራት ጠፍቷል ብሎ መጀመርም አይበቃም። በእኛ አካባቢ መብራት የሚመለስበት ሰዓት አይታወቅም፤ እጅዎ ሽቦው ላይ እያለ 220 ቮልቱ ተመልሶ አምፕሊፋየሩ ሊነሣ ይችላል።

ባንዱ ሳይጠፋ ዘፋኟ ብቻ የምትጠፋበትን ምክንያት በሰፊው ላስረዳ፤ ይህን የተረዳ ሰው ብዙ የድምፅ ብልሽቶችን ቴስተር ሳይዝ በጆሮው ይለያልና። በእነዚያ ዓመታት አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ ሲቀረጽ ሦስት መስመር ያለው የቴፕ መቅረጫ በሰፊው ይሠራበት ነበር፤ ብዙ ጊዜም ባንዱ በግራና በቀኝ መስመር፣ ዘፋኙ በመካከለኛው መስመር ይቀመጥ ነበር። ቅጂው ወደ ሁለት መስመር ሲወርድ የመካከለኛው ድምፅ ለግራውም ለቀኙም እኩል ይከፈላል፤ ከፊታችን መሐል ላይ የቆመች ዘፋኝ የምንሰማውም ሁለቱ ስፒከሮች ያንኑ ድምፅ በአንድ ጊዜና በእኩል መጠን ስለሚያወጡት እንጂ መሐል ላይ ሦስተኛ ስፒከር ስላለ አይደለም። ነሐስ መሣሪያዎቹ ወደ አንዱ ወገን፣ ሳክስፎኖቹ ወደ ሌላው ሲያደሉ በግራና በቀኝ የሚሄደው ምልክት፣ ማለትም ድምፁን የሚሸከመው ኤሌክትሪክ፣ የተለያየ ይሆናል።

አሁን የጋራው ሽቦ ተበጠሰ እንበል። ከግራው ፖዘቲቭ የተነሣው ኤሌክትሪክ በግራው ስፒከር አልፎ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚመለስበት መንገድ አጣ፤ የቀረለት መንገድ በቀኙ ስፒከር በኩል አልፎ ወደ ቀኙ ፖዘቲቭ መሄድ ብቻ ነው። በዚህ መንገድ ኤሌክትሪክ የሚፈሰው በሁለቱ ጫፎች መካከል የቮልቴጅ ልዩነት ሲኖር ነው። የዘፋኟ ድምፅ በሁለቱም ጫፍ እኩል ስለሆነ ልዩነቱ ዜሮ ነው፤ እኩል ጉልበት ያላቸው ሁለት ሰዎች አንድን በር ከውስጥና ከውጭ ሲገፉት በሩ እንደማይነቃነቅ ሁሉ የስፒከሩም ሸራ አይነቃነቅም። በአንድ ወገን ብቻ ያለው ትራምፔት ግን ከሌላው ጫፍ የሚገፋው ስለሌለ ያልፋል፤ ያውም በሁለቱም ስፒከሮች ይሰማል። ኮንትራባሱ ብዙ ጊዜ መሐል ስለሚቀመጥ ቤዙ ከዘፋኟ ጋር አብሮ ይሳሳል። የገደል ማሚቶው የተረፈው በግራና በቀኝ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ነው። አሮጌው የአምባሰል ዜማ በሞኖ የተቀረጸ ስለሆነ፣ ማለትም ግራውና ቀኙ ፍጹም አንድ ስለሆነ፣ ዘፈኑም ማሲንቆውም አብረው ይጠፋሉ። አንዳንድ የካራኦኬ መሣሪያዎችም ድምፃዊውን ከዘፈኑ የሚያወጡት ግራውን ከቀኙ በመቀነስ ነው፤ የእርስዎ መስመር ይህን ሥራ ሳይታዘዝ እየሠራ ነው ማለት ነው።

ጥርጣሬዬን ለማረጋገጥ ሶኬቱን ከግድግዳው ነቅለው ሦስቱን ሽቦዎች ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ያውጧቸውና ቴስተሩን ኦም ላይ ያድርጉት። ባለ 8 ኦም ስፒከር በቴስተር ሲለካ ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 7 ኦም ያሳያል። በግራው ፖዘቲቭና በጋራው ሽቦ መካከል ምንም ካላነበበ፣ በሁለቱ ፖዘቲቮች መካከል ግን ከ12 እስከ 14 ካነበበ፣ የተበጠሰው የጋራው ሽቦ ነው። ቴስተሩ እንደተያያዘ ሌላ ሰው የመጋረጃውን ዘንግ ቢነቀንቅልዎ ቁጥሩ ብቅ ጥልቅ ሲል ያዩታል።

መጋጠሚያውን ሲፈቱት የሚያገኙትን ከወዲሁ እገምታለሁ፤ የናስትሮው ሙጫ ቀልጦ ይንሸራተታል፤ ውስጡ በእጅ የተጠመዘዙ፣ ነጭ አመድ የለበሱ ክሮች አሉ። አንዱን ክር በቢላ ይፋቁት። ውስጡ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው፤ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ገበያውን ያጥለቀለቀው ይህ ሁለተኛው ነው፤ ፕላስቲኩ ወፍራም ስለሆነ ከውጭ ሲያዩት ጠንካራ ይመስላል፤ ነገር ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠፍ ክሮቹ ይረግፋሉ፤ በተጠመዘዘበት ቦታም ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ዝገት ይይዛል። ደሴ ወደ ጥገና ቤቴ ተበላሸ ተብሎ የሚመጣ ስፒከር ብዙ ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ሳገኘው፣ የተበላሸው እቤት ግድግዳ ላይ የቀረው እንዲህ ያለ ገመድ እንደሆነ አውቃለሁ። ጥቂት ሜትር ሽቦ ለመቆጠብ የሰውን መስመር እንዲህ አድርጎ ትቶ መሄድ፣ ከዚያም ስፒከር ግዙ ብሎ መምከር ያሳዝነኛል።

ያንን መጋጠሚያ እንደገና አይጠምዝዙት፤ ሦስቱንም ሽቦ ያውጡና ለእያንዳንዱ ስፒከር ለብቻው ሁለት ክር ያለው የመዳብ ገመድ ይሳቡ። ርቀቱ እስከ 10 ሜትር ከሆነ ባለ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር ይበቃል፤ ከዚያ ከበለጠ 2.5 ያድርጉት። መሐል ላይ መጋጠሚያ እንዳይኖር ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ወጥ ይሁን፤ የግድ ከሆነ በካውያና በሊድ ይበየድ። ጫፉን አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይላጡ፤ ያፈነገጠ አንድ ክር ጎረቤቱን ተርሚናል ከነካ አምፕሊፋየሩ ሲነሣ የውፅዓት ትራንዚስተሮቹን ሊያቃጥል ይችላል።

ነጌቲቮችን ማጣመር ሌላም መዘዝ አለው። ወደፊት አሁን በገበያ ከሞሉት አነስተኛ ዲጂታል አምፕሊፋየሮች አንዱን ቢገዙ፣ የብዙዎቹ ነጌቲቭ ተርሚናል ግራውንድ (የዜሮ ቮልት መስመር) ሳይሆን ራሱም ምልክት የሚያወጣ ነው፤ እነርሱን በሦስት ሽቦ ማያያዝ ሁለት ውፅዓቶችን እርስ በርስ ማጋጨት ነው።

ገመዱን ካሰሩ በኋላ ሶኬቱን መልሰው በዝቅተኛ ድምፅ መጀመሪያ የአምባሰሉን ዜማ ያሰሙ፤ ከሁለቱ ስፒከሮች እኩል መሐል ላይ ሲቆሙ ከፊት ለፊትዎ ሊመጣ ይገባል። ቀጥሎ አልበሙን ያሰሙ። ዘፋኟ ተመልሳ ግን አቅጣጫዋ የማይለይ ከሆነ፣ ቤዙም እንደሳሳ ከቀረ፣ የአንዱ ስፒከር ፖዘቲቭና ነጌቲቭ ተገላብጧል። አሁንም ሶኬቱን ከግድግዳው ይንቀሉ፤ መብራት ቢጠፋም ይንቀሉ። ከዚያ የስፒከሩን ሽቦዎች ከአምፕሊፋየሩ አውጥተው የ1.5 ቮልት ባትሪ ለቅጽበት ያስነኳቸው፤ የባትሪው ፖዘቲቭ የስፒከሩን ፖዘቲቭ ሲነካ ሸራው ወደ ውጭ መግፋት አለበት። ወደ ውስጥ የገባውን ስፒከር ብቻ ያገላብጡ፤ ሁለቱንም ካገላበጡ ምንም ለውጥ አይኖርም።