ራጅ የሚያነብ ሶፍትዌር ለምትሠሩ ልጆች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ቴክኖሎጂ የሚሞካክሩ ልጆች ሲያገኙኝ ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ «ጋሼ፣ ኢንቨስተር የት እናገኛለን?» አንዱ የደረት ራጅ አይቶ ቲቢ የሚጠረጥር ሶፍትዌር ጀምሯል። ሌላው ከስልክ ጋር የሚሠራ አልትራሳውንድ ያልማል። ዕድሜዬን ራጅ ክፍል ውስጥ ስለጨረስኩ ወሬው ደስ ይለኛል። ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ለምርመራው ማን ይከፍላል የሚለው ነው።

ሐሳባችሁ ጥሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የቲቢ ልየታ የደረት ራጅ በሰው ምትክ በኮምፒውተር ሊነበብ እንደሚችል መክሯል። ከመሐል ሜዳ ወይም ከግሼ ለአንድ ምርመራ ደብረ ብርሃን የሚመጣ በሽተኛ ምን እንደሚያወጣም ታውቃላችሁ። ትራንስፖርት አለ፣ አልጋ አለ፣ አስታማሚ አለ።

ጥሩ ፈጠራ ግን ብቻውን ድርጅት አያቆምም። ሲቲ ስካንን ያመጣው የእንግሊዙ ኢኤምአይ ነው፤ አዎ፣ ያ የሙዚቃ ሸክላ ያሳትም የነበረው። የመጀመሪያው በሽተኛ ለንደን ውስጥ በሲቲ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። መሐንዲሱ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ በ1979 ኖቤል ተሸለመ። ኩባንያው ግን ብዙም ሳይቆይ ከሲቲ ገበያ ወጣ። ገበያውን እነ ጀነራል ኤሌክትሪክና ሲመንስ ወሰዱት። እነሱ ከሆስፒታሎች ጋር የቆየ ትውውቅ ነበራቸው፤ ሻጭም ጠጋኝም በየአገሩ ነበራቸው።

ከቅርቡ ደግሞ የአሜሪካውን ኩባንያ በተርፍላይ ኔትወርክን እዩ። በእጅ የሚያዝ፣ ከስልክ ጋር የሚሠራ አልትራሳውንድ ከ2,000 ዶላር ባነሰ ዋጋ አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2018 250 ሚሊዮን ዶላር ሰበሰቡ፣ በ2021 አክሲዮናቸው ገበያ ላይ ወጣ። ከዚያ የአክሲዮኑ ዋጋ ወርዶ ወርዶ በአንድ ወቅት ከ1 ዶላር በታች ደርሶ ነበር። መሣሪያው ይሠራል፣ ሐኪሞችም ይጠቀሙበታል። እኔ እንደሚመስለኝ ኢንቨስተሮቹ የቸኮሉትን ያህል ሆስፒታሎች አልቸኮሉም።

የቬንቸር ገንዘብ፣ ማለትም ኢንቨስተር በጀማሪ ድርጅት ላይ የሚያፈሰው ብር፣ ብድር አይደለም፣ ዕቁብም አይደለም። ከድርጅታችሁ ድርሻ ይወስዳል። ብሩ የሚመጣበት ፈንድ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜው 10 ዓመት ገደማ ነው፤ ኢንቨስተሩ ከዚያ በፊት ሸጦ መውጣት ይፈልጋል። ድርጅቱ ሲሸጥ መጀመሪያ ገንዘቡን የሚያነሳው ማን እንደሆነ ውሉ ላይ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ እሱ ነው። በርካሽ ከተሸጠ እናንተ ባዶ እጃችሁን ልትወጡ ትችላላችሁ። ጠበቃ ያዙ፤ እዚህ ላይ ብር አትሰስቱ።

የእኛ አገር የራሱ ጣጣ አለው። ከምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። ጨረሩን የሚያወጣው የራጅ ቲዩብ ሲቃጠል የሚገዛው በዶላር ነው፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ብር ምን እንደሆነ አይታችኋል። ማሽኑ ከቆመ ደግሞ ሶፍትዌራችሁ የሚያነበው ምስል የለም።

ስለዚህ ኢንቨስተር ከመፈለጋችሁ በፊት አንድ ሆስፒታል ሂዱ። ራጅ ክፍል ተቀምጡ፤ ፊልሙን ማን እንደሚያነበው፣ ውጤቱ ስንት ቀን እንደሚቆይ እዩ። ጤና መድኑ ለራጅ ስንት እንደሚከፍል ፋይናንስ ክፍሉን ጠይቁ። ግዢ ክፍሉንም አትለፉ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ዕቅድ ውስጥ ካልገባችሁ ዳይሬክተሩ ቢወዳችሁም ዓመት ልትጠብቁ ትችላላችሁ። ኢንቨስተሩን የምትጠይቁት ብር ያንን ዓመት ጭምር የሚያሻግር ይሁን።