ታንኳዋ ስትበር ቅረጿት

ጌም ለምትሠሩ ልጆቼ፣

ባሕር ዳር ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ ቪዲዮ ቀርጫለሁ። አብዛኛው ሠርግ ነው። በትከሻ ከሚያዘው የቪኤችኤስ ካሜራ ጀምሬ ዛሬ በስልክም እሠራለሁ። ጌም መሥራት አልችልም፤ ኮድም አላነብም። ሰው አንድን ቪዲዮ ለምን እስከ መጨረሻው እንደሚያይ፣ ለምንስ መሀል ላይ ትቶት እንደሚነሣ ግን በሥራዬ ተምሬያለሁ። የምጽፍላችሁ ስለዚህ ነው።

ያነሣሣችኝ አንዲት የፖሊ ቴክኒክ ተማሪ ናት። ጎረቤቴ ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አውቃታለሁ። ከዘጌ ወደ ባሕር ዳር በታንኳ እንጨትና ቡና ስለሚያመላልስ ልጅ ጌም እየሠራች ነው። የጌሙ ዋና ፈተና ደንገሉ ነው። ታንኳ ከደንገል ስለሚሠራ ውሃ ይጠጣል። በቆየ ቁጥር ይከብዳል። ዳር ወጥቶ ፀሐይ ካልመታው አይቀለውም። ስለዚህ ተጫዋቹ ጭነቱን፣ ርቀቱንና የማድረቂያውን ጊዜ ማመዛዘን አለበት። ሐሳቡን የትም አልቀዳችውም። ከዚሁ ከጣና ዳር ነው ያገኘችው። ስሰማው በጣም ነው ደስ ያለኝ።

የሥራዋን ሂደት በየጊዜው እየቀረጸች ዩቲዩብ ላይ ልትጭን አሰበች። ዴቭሎግ ይሉታል እናንተ። የመጀመሪያውን ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝና ይንገሩኝ» አለችኝ። 18 ደቂቃ ነው። «ሰላም፣ ዛሬ መጀመሪያ ውሃውን ሠራሁ። ከዚያ ታንኳውን ሠራሁ። ከዚያ ዛፎቹን ሠራሁ።» ኮዱ ስክሪኑ ላይ ይወርዳል፤ ፊደሉ እንደ ጤፍ ደቋል። እንደለፋችበት ያስታውቃል። ግን አምስተኛው ደቂቃ ላይ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄዶ ነበር።

ሻይ እየጠጣን «ከዚህ ሁሉ የትኛው ነው ያስቸገረሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። ሳቀች። ታንኳዋ በእሷ ላፕቶፕ ላይ በሰላም ትንሳፈፍ ነበር። የጓደኛዋ ፈጣን ኮምፒውተር ላይ ሲከፍቱት ግን ከውሃው ተፈናጥራ፣ ዘንባባዎቹን አልፋ፣ ሰማይ ገባች። ምክንያቱን ስትፈልግ ሁለት ሌሊት አደረች። ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃው ታንኳዋን ወደ ላይ የሚገፋበትን ጉልበት፣ ኮምፒውተሩ ስክሪኑ ላይ ሥዕል በሣለ ቁጥር እንዲሰጥ አድርጋ ነበር። ፈጣን ኮምፒውተር በሰከንድ ብዙ ጊዜ ይሥላል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ ይገፋል። የምትሠራበት ጎዶት የሚባለው የጌም መሥሪያ ፕሮግራም ግን ለፊዚክስ ስሌት የራሱ ቋሚ ምት አለው። ካልቀየሩት በሰከንድ 60 ጊዜ ነው። ግፊቱን ወደዚያ ስታዛውረው ታንኳዋ ረጋች።

«ታዲያ ይሄ ቪዲዮው ውስጥ የታለ?» አልኳት።

«ስሕተት እኮ ነው ጋሼ። አፍሬ ተውኩት» አለች።

ልጆቼ፣ የምለምናችሁ ይህንኑ ነው። ያፈራችሁበትን ነገር አትደብቁት። ጌማችሁ ገና ጅምር ነው፤ ገና አላማረም። ሰው የሚከተላችሁ ታንኳዋ ለምን እንደበረረች ማወቅ ስለሚፈልግ ነው። ልጅ ሆነን «ተረት ተረት» ሲሉን «የላም በረት» ብለን ጠጋ የምንለው ጅቡ እንደሚመጣ ስለምናውቅ ነበር። ጅቡን አውጥታችሁ ላሞቹን ብቻ ብትተርኩልን እንተኛ ነበር።

ቪዲዮውን አብረን እንደገና ቆረጥነው። ሲከፈት ሰላምታ የለም። ታንኳዋ ትበራለች። ከዚያ የእሷ ድምፅ ይመጣል፦ «ይህቺ ታንኳ መንሳፈፍ ነበረባት።» ቀጥሎ ፍለጋው ነው። የሞከረችው፣ ያልሠራላት፣ ጭራሽ ያባሰባት። ያገኘሁት መሰለኝ ብላ የተሳሳተችበትም አለ፤ እሱን በተለይ አስቀረሁት። መልሱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። 18 ደቂቃው 7 ሆነ። ስለ ዛፎቹ የነበረው ሁሉ ወጣ። ከፍቷት ነበር፤ ዛፎቹን ትወዳቸዋለች። ግን አንድ ቪዲዮ አንድ ጥያቄ ይበቃዋል። ዛፎቹ የራሳቸው ቀን ይደርሳቸዋል።

ጥያቄ ደግሞ ሞልቷል። የጣና ትልቁ ጥልቀት 14 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሣበት ሞገዱ ለምን አጭርና ኃይለኛ ይሆናል? ያንን ሞገድ ጌም ውስጥ እንዴት ታመጡታላችሁ? እምቦጩ መንገድ ሲዘጋ ታንኳው በየት ያልፋል? እያንዳንዱ አንድ ቪዲዮ ይወጣዋል።

ያቺን የበረረች ታንኳ ከየት አመጣናት? አስተካክላት ነበር እኮ። ጊት ስለምትጠቀም ነው የተረፍነው። ጊት ያስመዘገባችሁትን የኮዳችሁን የቀድሞ ሥሪት ሁሉ የሚይዝ ፕሮግራም ነው። ወደ ብልሽቱ ቀን ተመልሳ ታንኳዋን እንደገና አበረረቻትና ቀረጸቻት። አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሳይ ሆዴ ባባ። በእኔ ጊዜ ካሴት ውድ ነበር። የመጀመሪያ ሥራዎቼን፣ የተንቀጠቀጡትን፣ የጨለሙትን፣ «ምን ይረባሉ» እያልኩ በላያቸው ላይ ሌላ ቀርጬባቸዋለሁ። አንዱ ላይ እናቴ ነበረች። ዓባይ ዳር ልብስ እያጠበች፣ «ኧረ ይሄን ነገር ዞር አርግልኝ» ብላ በእጇ ፊቷን ስትከልል። ዛሬ የእናቴ ድምፅ የትም የለኝም።

ስለዚህ ሳታስተካክሉ በፊት ቅረጹ። ባግ፣ ማለትም የኮድ ስሕተት፣ ስታገኙ እጃችሁ ወደ ኮዱ እንደሚሮጥ አይቻለሁ። አንድ ደቂቃ ታገሡት። ስክሪኑን ቅረጹ፤ ከዚያ ስልካችሁን አንሥታችሁ ያሰባችሁትን በድምፅ አስቀምጡ። ከሳምንት በኋላ ስታስታውሱት የምታወሩትና ያኔ ተናዳችሁ ያወራችሁት አንድ አይደለም።

ስክሪኑን ለመቅረጽ ኦቢኤስ የሚባለው ፕሮግራም ነጻ ነው፤ ይበቃችኋል። አንድ ነገር ብቻ አስተካክሉ። ቅጂው ኤምኬቪ በሚባለው የፋይል ዓይነት ይቀመጥ። ሳይዘጋ የተቋረጠ ኤምፒ4 ፋይል ብዙ ጊዜ አይከፈትም፤ መብራት ድንገት ከሄደ የሰዓት ሥራ ይዞባችሁ ይሄዳል። ኤምኬቪ መብራቱ እስከጠፋበት ድረስ ያለውን ያተርፍላችኋል። በኋላ እዚያው ኦቢኤስ ውስጥ ወደ ኤምፒ4 ትቀይሩታላችሁ።

ሥዕል ቢደበዝዝ ሰው ይችለዋል። ድምፅ ሲበላሽ ግን አይችለውም። የማይክ ብር ከሌላችሁ ልብስ የሞላ ቁም ሳጥን ከፍታችሁ ወደ ውስጥ ተናገሩ። ልብሱ ማስተጋባቱን ይመጠዋል። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ አታውሩ። ያን ጊዜ ዝናቡን ራሱን ቅዱት፤ ለጌማችሁ ክረምት ከዚህ የተሻለ ድምፅ አታገኙም። ኮድ ስታሳዩ ሁለት መስመር አጉልታችሁ አሳዩ፤ አብዛኛው ሰው የሚያያችሁ በስልክ ነው።

ፊታችሁን ለማሳየት ከወሰናችሁ ደግሞ ዘጌ ተሻገሩና የዑራ ኪዳነ ምሕረትን መቅደስ ሥዕሎች እዩ። በአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ልማድ ቅዱሳኑ በሁለት ዓይናቸው ወደ እኛ ያያሉ። ክፉዎቹ በጎን ይሣላሉ፤ የሚታየው አንድ ዓይናቸው ነው። ከዚያ ስትመለሱ የራሳችሁን ቪዲዮ እዩት። ስክሪናችሁን እያያችሁ ከሆነ የምታወሩት፣ እኛ የምናየው አንድ ዓይናችሁን ነው። ሌንሱን እዩት። ከሌንሱ ጀርባ አንድ የምትወዱት ሰው አለ ብላችሁ አውሩ።

ካሜራውን ከቤትም አውጡት። ጆርዳን ሜክነር የሚባል አሜሪካዊ የጌም ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1985 ታናሽ ወንድሙን ሲሮጥና ሲዘል በቪዲዮ ቀረጸው። ያንን እንቅስቃሴ ፍሬም በፍሬም ገልብጦ የጌሙን ሰው አስኬደ። ጌሙ «ፕሪንስ ኦፍ ፐርዥያ» ይባላል፤ በ1989 ወጣ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የዕለት ማስታወሻ ይጽፍ ነበር፤ ሰዎች ዛሬም ድረስ ያነቡታል። እናንተ ደግሞ እውነተኛ ቀዛፊ ደጃችሁ ላይ አለ።

ግን አስፈቅዱ። ይህን ከልቤ ነው የምላችሁ። የታንኳ ሠሪ እጅ ያምራል ብላችሁ ከሩቅ አትስረቁት። ቅረቡ፣ ሰላም በሉ፣ ምን እንደምትሠሩ ንገሩት። ሥራ ካስፈታችሁት ላጠፋው ጊዜ ክፈሉት። የቀረጻችሁትንም መልሳችሁ አሳዩት። ሠርጉን ቀርጬ ካሴቱን በቃሌ ቀን ያላደረስኩለት ሙሽራ ዛሬም መንገድ ላይ ሲያየኝ ይከፋዋል።

እሷም እንዲሁ አደረገች። ቪዲዮውን ይዛ ሐይቁ ዳር ደንገል ሲያስሩ ወደቀረጸቻቸው አባት ሄደች፤ አብሬያት ነበርኩ። ስልኬን ተቀብለው ፀሐዩን በእጃቸው ከለሉና አዩ። ታንኳዋ ስትበር ምንም አላሉም። መጨረሻ ላይ፣ ተረጋግታ ስትንሳፈፍ፣ ጠጋ ብለው አዩና «ልጄ፣ ይሄ መቅዘፊያ አጠረ እኮ። ጣናን በማንኪያ ልትሻገሪ ነው?» አሏት።

ስልኳ ይቀርጽ ነበር። ሁለተኛው ቪዲዮ የሚጀምረው ከዚህ ነው።