ፍሎሪዳ ላይ ዴክ መሥራት፦ የፈቃድ ጥያቄና መልስ

መላሽ፦ ቃል እንደገባሁት ዛሬ ማታ ተቀምጫለሁ። ሥራዬ ይኸው ነው፤ ታምፓና አካባቢዋ በላይሰንስ (በሙያ ፈቃድ) ዴክና በረንዳ እሠራለሁ። ዴክ ስል ከቤቱ ውጭ በእንጨት የሚሠራውን ወለል ነው። ስትጠይቁ አራት ነገር ጻፉልኝ፦ ካውንቲያችሁን (የአካባቢ አስተዳደራችሁን) ወይም ከተማችሁን፣ ዴኩ ከቤቱ ጋር ይያያዝ እንደሆነ፣ ከመሬት ስንት ኢንች ከፍ እንደሚል፣ ጣራ ይኖረው እንደሆነ። ያለዚህ መጠየቅ ሐኪም ዘንድ ደውሎ «አሞኛል» ብሎ እንደመዝጋት ነው።

ከኦርላንዶ፦ ጋሼ፣ እንዴት አመሹ? ጓሮዬ ላይ ዴክ ልሠራ አስቤ ነበር። ፈቃድ ያስፈልገኛል?

መላሽ፦ ከላይ የጻፍኩትን አንብብና ተመለስ።

ከታምፓ፦ እኔ ሂልስቦሮ ካውንቲ ነኝ። 12 በ16 ፊት፣ ከቤቱ ጋር የተያያዘ፣ 36 ኢንች ከፍታ፣ ጣራ የለውም። ዩቲዩብ ላይ ከ200 ስኩዌር ፊት በታች ከሆነ ፈቃድ አያስፈልግም ሲሉ ሰማሁ። የእኔ 192 ነው።

መላሽ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ። ያ 200 የሚሉት ብዙ ስቴቶች ከሚጠቀሙበት የመኖሪያ ቤት ኮድ (የግንባታ ደንብ) የተወሰደ ነው፤ ቁጥሩን ብቻ ይዘው ይሮጣሉ። እዚያው ኮድ ላይ ዴኩ ከቤቱ ጋር ያልተያያዘ፣ ከመሬት ከ30 ኢንች ያልበለጠ፣ ዋናውን መውጫ በር የማያገለግል መሆን አለበት ይላል። ያንተ በሁለቱ ወደቀ። በዚያ ላይ ፍሎሪዳ የራሷ ኮድ አላት፤ የሌላ ስቴት ቪዲዮ ይዘህ ቢሮ አትሂድ። ፈቃድ ያስፈልግሃል።

የቤትህ ሰርቬይ (የቦታህ ልኬት ካርታ) ላይ ዴኩ የሚያርፍበትን ቦታና ከወሰንህ ያለውን ርቀት አሳይ። ኢዝመንት (ሌላ አካል የመጠቀም መብት ያለው የቦታህ ክፍል) ላይ ከወጣህ እዚያው ይቆማል። ሥዕሉ ላይ መሠረቱ፣ ቋሚው፣ ቢሙ (ወለሉን የሚሸከመው አግዳሚ)፣ ከቤቱ ግድግዳ ጋር የሚያያዘው አግዳሚ እንጨት ማለትም ሌጀር፣ የብረት ማያያዣዎቹ ሞዴል ሳይቀር ይታይ። ሌጀር በምስማር ብቻ አይታሰርም፤ ብሎን ነው። ከ30 ኢንች በላይ ስለሆንክ መደገፊያ ግዴታ ነው፦ ቁመቱ ከ36 ኢንች የማያንስ፣ ክፍተቱ 4 ኢንች ስፋት ያለው ኳስ የማያሳልፍ።

ሰው ሁሉ የሚዘነጋው ደግሞ ኖቲስ ኦፍ ኮሜንስመንት (የሥራ መጀመር ማስታወቂያ) ነው። ውሉ ከ5,000 ዶላር ከበለጠ ኖተሪ (ፊርማ አረጋጋጭ) ፊት ፈርመህ ካውንቲው ፍርድ ቤት ጸሐፊ ዘንድ ታስመዘግባለህ፤ የመጀመሪያው ኢንስፔክሽን (የመንግሥት ፍተሻ) ከመምጣቱ በፊት። ኮንትራክተርህ ለእንጨት ሻጩ ሳይከፍል ቢጠፋ ሻጩ ቤትህ ላይ ሊን (ቤቱን የዕዳ መያዣ የሚያደርግ ጥያቄ) ያስመዘግባል። ያ ወረቀት ከሌለ ለአንዱ ዴክ ሁለቴ ልትከፍል ትችላለህ።

ከታምፓ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ ያገኘሁት ሠራተኛ «ፈቃዱን አንተ በስምህ አውጣ፣ ይረክስልሃል» ብሎኛል።

መላሽ፦ አታድርገው። ላይሰንስ ያለው ሰው ፈቃዱን በራሱ ስም ያወጣል። «አንተ አውጣ» ካለህ ላይሰንስ የሌለው ሳይሆን አይቀርም። ሕጉ ባለቤት ራሱ እንዲሠራ ይፈቅዳል፤ ግን ቤቱ የምትኖርበት መሆን አለበት፣ ሥራውን የምትቆጣጠረው አንተ ነህ፣ ያ ሰውዬ ደግሞ በሕግ ዓይን ቅጥረኛህ ነው። ከዴክህ ወድቆ ቢሰበር ከማን ጋር እንደሚካሰስ አስብ። ሥራው ካለቀ በአንድ ዓመት ውስጥ ቤቱን ብትሸጥ ወይም ብታከራይ ለንግድ እንደሠራኸው ይቆጠራል። የስቴቱ የላይሰንስ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ስሙን አስገብተህ እይ፤ በነጻ ነው።

ከጃክሰንቪል፦ ፈቃዱ ስንት ቀን ይፈጃል? ዋጋውስ?

መላሽ፦ ካውንቲህ ድረ ገጽ ላይ አለ። እኔ አልገምትልህም።

ከፎርት ማየርስ፦ ጋሼ፣ ሊ ካውንቲ ነኝ። ዴኩ አለ፣ ፈቃድ ነበረው። አሁን ቡና የምናፈላበት ጣራ ልጨምርበት ፈልጌ ነው። ወንድሜ «አራት ቋሚ አቁመሽ ቆርቆሮ ጣይበት» ይላል። ይህም ፈቃድ ይፈልጋል?

መላሽ፦ እህቴ፣ ይፈልጋል። የቀድሞው ፈቃድ ለጣራው አይሆንም። ወንድምሽን እዚህ አምጪልኝ።

አገር ቤት ስንሠራ የምንፈራው ሸክም ወደ ታች የሚወርደውን ነው። እዚህ ጠላትሽ ወደ ላይ የሚጎትተው ነው። ግድግዳ የሌለው ጣራ ሥር ነፋስ ገብቶ ወደ ላይ ይገፋል፤ ከላይ የሚያልፈው ደግሞ ይመጠዋል። ሁለቱ ይደመራሉ። ክፍት ዴክ በጣውላዎቹ መካከል አየር ያሳልፋል፤ ጣራ አያሳልፍም። ለምሳሌ ያህል 192 ስኩዌር ፊት ጣራ ላይ በየስኩዌር ፊቱ 30 ፓውንድ ወደ ላይ ቢጎትት 5,760 ፓውንድ ነው። ትክክለኛውን ስሌት መሐንዲስሽ ያወጣዋል። አንድ ኪዩቢክ ፊት ኮንክሪት 150 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል፤ ያን ጣራ በክብደት ብቻ ለመያዝ ከ38 ኪዩቢክ ፊት በላይ ኮንክሪት ትፈልጊያለሽ። አሁን ዴክሽ ሥር ያለው መሠረት ለዚህ ታስቦ ነበር? አይመስለኝም።

ስለዚህ ቆርቆሮው ከወራጁ፣ ወራጁ ከቢሙ፣ ቢሙ ከቋሚው፣ ቋሚው ከመሠረቱ ሳይቋረጥ በብረት መያያዝ አለበት። አንዷ ከላላች ሌሎቹ ትርጉም የላቸውም። ብረቱ ደግሞ ባሕር አጠገብ ስቴንለስ (የማይዝግ) ቢሆን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ሆት ዲፕ ጋልቫናይዝድ (በቀለጠ ዚንክ የተነከረ)። የዛሬው እንዳይበሰብስ በኬሚካል የታከመ እንጨት ውስጥ መዳብ አለ፤ ተራ ምስማርን ይበላል። ከውጭ ደህና መስሎ ውስጡ ያለቀ ማያያዣ ስንቱን ፈትቻለሁ! ማያያዣውንም አምራቹ ባዘዘው ምስማር ሙሉት፤ የተከፈተ ቀዳዳ ካለ ኢንስፔክተሩ ይቆጥረዋል፣ መቁጠርም አለበት።

ከኬፕ ኮራል፦ ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ማጋነን አይሆንም? 2022 ኢየን የተባለው አውሎ ነፋስ ሲመጣ የጎረቤቴ ያለ ፈቃድ የተሠራ ዴክ ንቅንቅ አላለም። ፈቃድ ያለው የእኔ አጥር ግን ሄደ።

ከሚያሚ፦ ወንድም፣ አጥርና ዴክ ምን አገናኛቸው? ጎረቤትህ ቤቱን ሊሸጥ ሲል ታየዋለህ። የእኛ ሰፈር አንዱ ገዢ አግኝቶ ያለ ፈቃድ የተሠራው ዴክ ሲታወቅ ሽያጩ ፈረሰ።

ከኬፕ ኮራል፦ እናንተ ሚያሚዎች ኮድ ትወዳላችሁ። ኢንሹራንሱም ቢሆን የሚከፍለው ለቤቱ ነው እንጂ ለዴክ ማን ይከፍላል?

ከሚያሚ፦ የእኔ ከፍሎኛል።

ከኬፕ ኮራል፦ የእኔ ሰባራ ሳንቲም አልሰጠኝም።

መላሽ፦ የኢንሹራንስ ውላችሁን አንብቡ፤ እኔ የኢንሹራንስ ሰው አይደለሁም። ስለ ጎረቤትህ ዴክ ግን፣ ሳይነቀል መቅረቱ በደንብ መሠራቱን አያሳይም። ነፋሱ ከየት አቅጣጫ መጣ? ቤቱ ከልሎት ነበር? ሚያሚዎች ኮድ የሚወዱበትም ምክንያት አላቸው። ነሐሴ 1992 አንድሩ የተባለው አውሎ ነፋስ ከሚያሚ በስተደቡብ ያለችውን ሆምስቴድን ጠርጎ ሲሄድ ነው ብዙ ቤት በወረቀት ብቻ ኮዱን እንዳሟላ የታየው። ከዚያ የተነሳ ነው በ2002 ፍሎሪዳ በሙሉ አንድ ኮድ የያዘችው። ዛሬ ሚያሚ ዴድ ካውንቲ ላይ መኖሪያ ቤት የሚሰላው በሰዓት ለ175 ማይል ነፋስ ነው፣ ጎረቤቱ ብሮዋርድ ካውንቲ ለ170።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ እኔ ሜሪላንድ ነኝ፤ መሠረቱ ስንት ኢንች ይቆፈራል?

መላሽ፦ የእናንተን ጥልቀት የሚወስነው ውርጭ ነው። የካውንቲህን ቢሮ ጠይቅ።

ከሴንት ፒተርስበርግ፦ ቤቴ የጎርፍ ዞን ነው፤ ኤኢ ይላል። በ2024 ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ ውሃ አስገብቶብን ገና እየጠገንን ነው። ዴኩን አብሬ ላሠራ?

መላሽ፦ ቆይ። መጀመሪያ የ50 በመቶውን ሕግ አስላ። የጥገናውና የማሻሻያው ወጪ ከቤቱ ዋጋ ግማሹን ከደረሰ ቤቱ በሙሉ የዛሬውን የጎርፍ ደንብ ማሟላት አለበት ይሉሃል። ብዙ ጊዜ ያ ማለት ቤቱን ከፍ ማድረግ ነው። የቤቱ ዋጋ ስል ሕንፃው ብቻ ነው፣ መሬቱ አይቆጠርም፤ እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ከቤቱ ጋር የተያያዘ ዴክ እዚያ ሒሳብ ውስጥ ይገባል። የከተማውን የጎርፍ ኃላፊ ሳታናግር ውል አትፈርም። ቪኢ ዞን (የባሕር ማዕበል የሚመታው) ያላችሁ ደግሞ የበለጠ ጥብቅ ነው፦ የተያያዘው ዴክ የታችኛው አግዳሚ ከጎርፉ ከፍታ በታች መውረድ የለበትም፤ ካልሆነ ለብቻው የቆመ ይሁን።

ከታላሃሲ፦ ኤችኦኤው (የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበር) ፈቅዶልኛል። ከዚህ በኋላ የካውንቲ ፈቃድ ያስፈልገኛል?

መላሽ፦ ያስፈልጋል። ሁለቱ አይተካኩም።

ከሳራሶታ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ዴክ ለመሥራት ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ?

መላሽ፦ ወይ ጉድ! ወደ ላይ ውጡና አንብቡ እባካችሁ።

ከፎርት ማየርስ፦ ጋሼ፣ በጣራው ሥር ከሰል ማቀጣጠል ይቻላል?

መላሽ፦ ፋየር ዲፓርትመንቱን ጠይቂ። እኔ ግን እንጨት ላይ ከሰል አላስቀምጥም።

ከታምፓ፦ የመጨረሻ ጥያቄ። ያ ሠራተኛ ትናንት ጉድጓዱን ቆፍሮ ሄደ፣ ነገ ኮንክሪት ሊያፈስ ነው። ፈቃዱን ቀስ ብዬ ላውጣ?

መላሽ፦ ምን? ፈቃድ ሳይኖር? 811 (ከመቆፈር በፊት የተቀበረ ሽቦና ቧንቧ እንዲያመለክቱ የሚጠየቅበት ቁጥር) ደውሎ ነበር? ነገ ጠዋት ሳይመጣ ደውለህ አስቁመው። ኢንስፔክተሩ ጉድጓዱን ባዶውን ማየት አለበት፤ ከተሞላ በኋላ ፈንቅላችሁ አሳዩኝ ቢል መብቱ ነው። ሥራ ጀምሮ ፈቃድ መጠየቅ ተጨማሪ ክፍያ አለው። ፈቃዱ ከወጣ በኋላም 180 ቀን ያለ ሥራና ያለ ኢንስፔክሽን ከተቀመጠ ይቃጠላል፤ የመጨረሻውን ኢንስፔክሽን ሳያልፍ ገንዘቡን ጨርሰህ አትስጠው። ላይሰንሱንም እይ ብዬሃለሁ።

ለዛሬ ይብቃኝ፤ ነገ በጠዋት ብራንደን ላይ ኢንስፔክተር ይጠብቀኛል።